ልጁ ሲወለድ አባት የት ነው የሚቆመው?

አዲሱ አባት

ሰላም ወዳጆች። ጥያቄዬ አንድ ነው። ልጅ ተወልዶ ወደ ክፍሉ ጥግ ተወስዷል፤ እናት አልጋዋ ላይ ናት፣ ሐኪም ተሰብስቦባታል። አባት ወዴት ይሂድ? እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም። ታሪኩን ላውራና ፍረዱን።

ምጡ የጀመራት ማታ ነው። መጀመሪያ ላይ መጥቶ ይሄዳል፤ በመሀል ታወራለች፣ ትስቃለች። ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ መረመረቻትና «የማህፀን አፍ የተከፈተው ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ገና ነው» አለች። እኔ በልቤ ማስላት ጀመርኩ። ሦስት በዚህን ያህል ሰዓት ከተከፈተ አስር ለመድረስ ይህን ያህል ይፈጃል አልኩ። ሒሳቡ እንደዚያ አይሠራም። እስከ አምስት ያለው ብቻውን አንድ ሌሊት ፈጀ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ የሚወራ የለም። መጠበቅ ነው። ወገቧን በመዳፌ ስጫን «እዛ ጋ፣ ጠበቅ አድርገው» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «አትንካኝ» ትላለች። ሆዷ ላይ የታሰረው መሣሪያ የልጅቷን የልብ ምት ያሳያል። 140፣ 150፣ ከዚያ ድንገት 105፤ ወዲያው ተመልሶ 138። ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አቃተኝ። አዋላጇ ይህን አይታ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። «እሱን እኔ አየዋለሁ፤ አንተ እሷን እይ» አለችኝ። እስካሁን ከተመከርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

ማማጥ ሲጀመር ግን መጠበቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «በርቺ! በርቺ! አሁን!» ይላል። እኔም እላለሁ። ሳላስበው አብሬ እየገፋሁ ነበር መሰለኝ፤ በማግስቱ ሆዴን አሞኝ ዋለ።

ከዚያ ወጣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐምራዊ ነበረች። ጭንቅላቷ ሾጠጥ ያለ፣ ነጭ ነገር የተቀባች፣ ጸጥ ያለች። ፊልም ላይ ገና ብቅ ሲሉ ያለቅሳሉ። የእኔዋ ዝም። እትብቷ ቶሎ ተቆረጠና ጥግ ላይ ወዳለው ማሞቂያ ይዘዋት ሄዱ። በዚያው ቅጽበት አልጋው ጋ ያለችው አዋላጅ ድምፅዋ ተቀየረ። «ደሙ በዛ» አለች። አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ክፍሉ በማላውቃቸው ሰዎች ሞላ።

መሀል ላይ ቆምኩ። በቀኝ ልጄ፣ በግራ ሚስቴ። ባለቤቴ «ሂድ! ልጅቷ ጋ ሂድ!» አለችኝ። አልሄድኩም። እጇን ይዤ ቀረሁ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።

አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ግን ባለቤቴ «ሂድ ስልህ ለምን አልሄድክም? ብቻዋን ነበረች እኮ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «አንቺስ?» እላለሁ። ቢደገም አሁንም እዚያው ነው የምቀረው። እናንተስ?

የማታ ተረኛ

እንኳን ደስ ያላችሁ። አዋላጅ ነኝ። ፍርዱን ከመስጠቴ በፊት ያየኸው ነገር ምን እንደነበረ ልንገርህ። በዚያ ሰዓት ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አይኖርም፤ አባቶች ደግሞ ያንን ትዕይንት ሳይገባቸው ለወራት ይዘውት ይዞራሉ።

ከልጅቷ ልጀምር። ማህፀን ውስጥ ሳለች የምትተነፍሰው በእትብቷ በኩል ነበር፤ ሳንባዋ ውስጥ ያለው አየር ሳይሆን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ስትወጣ መልኳ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። መተንፈስ ስትጀምር ከደረቷ አንስቶ ይቀላል። እጅና እግሯ ግን አንድ ቀን ያህል ሰማያዊ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ ጨቅላዎች በፎጣ ሲደርቁና ጀርባቸው ሲታሽ ራሳቸው ይተነፍሳሉ። የሾጠጠው ጭንቅላትም የራስ ቅል አጥንቶቿ ገና ስላልተጋጠሙ፣ በመውጫው በኩል ለማለፍ ሲደራረቡ የመጣ ነው። በጥቂት ቀን ይስተካከላል።

እትብቱ ቶሎ መቆረጡም ምክንያት አለው። ልጁ ደህና ከሆነ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ እስከ ሦስት ደቂቃም እንጠብቃለን፤ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም ለብረት ክምችቱ ይጠቅመዋል። ልጁ ካልተነፈሰ ግን አንጠብቅም።

ማሞቂያው ላይ የሚደረገውን ምዘና አፕጋር እንለዋለን። ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል የሰመመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣችው ነው። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ብርታት፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳ ቀለም ይታያል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ በ1ኛው ደቂቃና በ5ኛው ደቂቃ። በመጀመሪያው ደቂቃ አስር ከአስር የሚያገኝ ልጅ ብርቅ ነው፤ ምክንያቱ ያው ሰማያዊ እጅና እግር ነው። ወላጆች ይህን ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ሲያወዳድሩት ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

አሁን ባለቤትህ። ልጅ ከወጣ በኋላ ማህፀን መኮማተር አለበት። የእንግዴ ልጁ ተጣብቆ የነበረበት ቦታ ላይ ክፍት የቀሩትን የደም ሥሮች የሚዘጋቸው ያ መኮማተር ነው። ማህፀን ከዛለ ደሙ አይቆምም። ለዚህ ነው ወዲያው ኦክሲቶሲን የምንወጋት፤ 10 ዩኒት ነው። ሆዷን በላይ በኩል አጥብቀን ስናሽም አይተህ ይሆናል። ያማታል፤ ግን ማህፀኑን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ቁልፉ ሲጫን ብዙ ሰው የሚገባው ደግሞ አንዱ ደም ሥር ሲከፍት፣ ሌላው መድኃኒት ሲያዘጋጅ፣ ሌላው የፈሰሰውን ሲለካ ስለሆነ ነው። ሰው በዛ ማለት የባሰ ነገር መጣ ማለት አይደለም።

ፍርዴን ከፈለግህ ባለቤትህ ጋ መቅረትህን እደግፋለሁ። ልጅቷ ላይ በዚያ ሰዓት ቢያንስ ሁለት እጅ አለ። ባለቤትህም ላይ ብዙ እጅ አለ፤ ሁሉም ግን ከወገቧ በታች ነው የሚሠራው። ፊቷን የሚያይ ሰው የለም።

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ሙያሽን አከብራለሁ፤ በፍርዱ ግን አልስማማም። አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝና ከዚያ ልናገር።

እኔም ደም በዝቶብኝ ነበር። የማየው ጣሪያውን ብቻ ነው። ሆዴን ሲጫኑኝ፣ ሲወጉኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምሰማው፤ እሱም የማይሰማው ለቅሶ። በዚያ ሰዓት እጄን የሚይዝ ሰው አልነበረም የቸገረኝ። ዜና ነበር።

ባሌ ሄደ። ግን ዝም ብሎ አልሄደም፤ ከማሞቂያው አጠገብ ሆኖ እንደ ኳስ ጨዋታ ዘጋቢ ያስተላልፍልኝ ጀመር። «እያሹት ነው! እግሩን ሳበ! አፉን ከፈተ!» ይላል። ነርሷ ዝም በል አላለችውም። እኔ ከዚያ ድምፅ ሌላ ማስታገሻ አላገኘሁም።

ስለዚህ አዲሱ አባት፣ እጅ መያዝህ ደግ ነው። ግን «ሂድ» ብላሃለች። ሰውነቷ በሌሎች እጅ ሆኖ ሳለ ማዘዝ የቀራት አንድ ሰው አንተ ነበርክ።

በር ላይ የቀረሁት

የሚገርም ነው፤ እናንተ በየት በኩል እንቁም ትላላችሁ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም።

የልጃችን የልብ ምት ወርዶ አልመለስ አለ። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ተባለ። ወረቀት ፈረምን። አልጋውን እየገፉ ሲሮጡ እኔም አብሬ ሮጥኩ። በሩ ላይ አንድ ሰው ደረቴ ላይ እጁን አድርጎ «እዚህ ጋ ይጠብቁ» አለኝ። በሩ ተዘጋ።

በኋላ እንደተረዳሁት ልዩነቱ ማደንዘዣው ላይ ነው። በወገብ በኩል ተሰጥቷት ከወገብ በታች ብቻ ከደነዘዘች፣ ነቅታ ስለሆነ ብዙ ሆስፒታሎች አባትን ጋውንና ኮፍያ አልብሰው ራስጌዋ ጋ ያስቀምጡታል፤ መጋረጃ ስላለ ቀዶ ጥገናው አይታይም። ሙሉ ሰመመን ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስገቡም። እሷ አታውቅህም፣ ሐኪሞቹም ጊዜ የላቸውም። አሁን ሲገባኝ ልክ ናቸው። ያኔ ግን አንድ ሰው ወጥቶ ሁለት ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ኮሪደር ላይ ስለ ጽዳት የተለጠፈ ማስታወቂያ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት።

ከዚያ ነርሷ ልጁን ይዛ መጣች። ሸሚዜን አስከፍታ ደረቴ ላይ አስተኛችው፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገች። «እናቱ እስክትነቃ ሙቀቱን ያንተ ሰውነት ይጠብቅለት» አለች። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን ነው ይባላል። አገጬን ነው ያየው እንግዲህ።

ማንም ስለማያወራው ልጻፈው። ያ ሰዓት በሕይወቴ ከሁሉ ያማረ ነበር፤ ግን የሰረቅኩት መሰለኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እሷ፣ የተቀደደችው እሷ፣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ። ስትነቃ የጠየቀችኝ «ምን ይመስላል?» ብላ ነው። መመለስ አቃተኝ።

የምፈራው

ጤና ይስጥልኝ። የእኛ በሚቀጥለው ወር ነው። ደም አልችልም። ክትባት ስከተብ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ እንድገባ ትፈልጋለች። ብወድቅስ? ሰው ሊስቅብኝ ነው።

የወደቅኩት

ወንድሜ፣ ወድቄ አውቃለሁ፤ አሁንም አለሁ።

እኔ ደም አይቼ አይደለም የወደቅኩት። ገና ምንም ሳይጀመር፣ ኤፒዱራል የሚባለውን የምጥ ማደንዘዣ ሊሰጧት ጀርባዋ ላይ መርፌውን ሲያዘጋጁ ነው። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ጉልበቴን ገትሬ ቆሜያለሁ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ላብ አሰመጠኝ፣ ቀጥሎ የማስታውሰው ወለሉን ነው። ነርሷ በእግሯ ወንበር ሳብ አድርጋ «ዛሬ አንድ ታካሚ ይበቃኛል» አለችኝ።

የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። ነገሩ ይሄው ነው፤ ከወንድነት ጋር አይገናኝም። ብላ። ውሃ ጠጣ። ቁጭ በል። ጭው ሲልህ «ደህና ነኝ» እያልክ አትከራከር፤ ወዲያው ወለሉ ላይ ተቀመጥ። ስትገባም ገና ከበሩ «እኔ ይህ ችግር አለብኝ» በላቸው። አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ደግሞ ራስጌዋ ጋ ከተቀመጥክ ከፊቷ ውጪ የምታየው ነገር ጥቂት ነው። ታች ሄደህ እንድታይ የሚያስገድድህ ሕግ የለም።

የድሮው ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልጆቼ ሲወለዱ አንዱም ላይ አልነበርኩም። ባለቤቴ ራሷ «ወዲያ ሂድልኝ፣ አንተን እያየሁ ማማጥ አልችልም» አለችኝ። እህቷ ገባች። ልጆቼ እንደማንም ልጅ ይወዱኛል። አሁን ያልገባ አባት እንደ ከሃዲ መቆጠሩ ትንሽ አልበዛም?

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ የእርስዎ ባለቤት እኮ መርጣለች። ነገሩ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ እያንዳንዷ ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ የምትመርጠው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። የምትመርጠው ነው የሚለው፤ ባል ነው አይልም። እህት፣ እናት፣ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። እርስዎም ወዲያ ሂድ ስትልዎት ሄደዋል፤ እዚህ ከሚጽፉት ሰዎች ይልቅ ትእዛዝ የሰሙት እርስዎ ነዎት!

አዲሱ አባት

ገባኝ፣ ገባኝ። ነጥብ አስቆጠርሽብኝ።

በር ላይ የቀረሁት፣ የጻፍከውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ እንባዋ መጣ። ለ«የማታ ተረኛ»ም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ያ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ማንም አላስረዳኝም ነበር። ሆዷን ሲጫኑ ሊጎዷት መስሎኝ አንዱን ሐኪም ልገፋው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ «ልጅህን ስታያት ዓለም ይቀየርብሃል፤ ታለቅሳለህ» ይል ነበር። አላለቀስኩም። እጄ ላይ ሲያስቀምጧት የመጣብኝ ስሜት ድካም ነው። ከዚያም «አሁን ይህችን ማን ነው የሚያሳድጋት?» የሚል። ባለቤቴ ገና ነጭ እንደሆነች ነበር። ደስታው የመጣው ቆይቶ ነው፤ መቼ እንደመጣ እንኳ በትክክል አላውቅም። አንድ ማታ ዳይፐር እየቀየርኩ ሳለ እያወራኋት ራሴን ያዝኩት። ይሄ የእኔ ችግር ነው ወይስ ሌላም ሰው አለ?

ሌሊት የሚነቃው

አለ። ብዙ አለ። ስለማይነገር ነው።

የእናት ሰውነት በእርግዝናውና በወሊዱ ሆርሞን ይዘጋጃል። የአባት ሰውነትም ይቀየራል፤ ግን እሱን የሚቀይረው ልጁን ይዞ መዋል ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከፊሊፒንስ የወጣ አንድ ጥናት ከ600 በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። አባት የሆኑት የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መጠናቸው ጎልቶ ወረደ፤ ከሁሉ ዝቅ ያለው ደግሞ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ልጃቸውን የሚንከባከቡት ላይ ነበር። ዳይፐር ላይ ሳለህ መምጣቱ እኔን አይገርመኝም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ደስታው ጨርሶ ካልመጣ፣ እንቅልፍ ብታገኝም ካልተኛህ፣ በትንሽ በትልቁ ከተናደድክ፣ ከቤት መራቅ ብቻ ካማረህ «ድካም ነው» ብለህ አትለፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ከአስር አባቶች አንዱ ገደማ በልጁ መወለድ ዙሪያ ድባቴ እንደሚይዘው አሳይቷል። በጣም የሚበዛው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ጠያቂው ሁሉ ሄዷል፤ እረፍትህም አልቋል። እኔ የያዘኝ በአራተኛው ወር ነበር። ሚስቴን እንጂ እኔን ማንም «እንዴት ነህ?» አላለኝም። ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ዳንኩ። እዚህ ላይ ረጅም ማውራት አልፈልግም።

የማታ ተረኛ

ስለ ጥያቄው ልመለስ፤ የሁለት ልጆች እናት አሳምናኛለች መሰለኝ። ቢያንስ በግማሽ።

ይህን ጥያቄ ምጥ ላይ ሆነው መመለስ አይቻልም። ከዚያ በፊት ተነጋገሩበት። «ልጁ ከክፍሉ ከተወሰደ ትከተለዋለህ ወይስ እኔ ጋ ትቀራለህ?» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መልሱን አዋላጇም ትስማው፤ እኔ ብሆን መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ። ሆስፒታሉ ሁለት ሰው የሚያስገባ ከሆነ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለልጁ ይሁን። በነገራችን ላይ ልጁ ወደ ጨቅላዎች ክፍል ከተወሰደ፣ አባትየው ሄዶ ፎቶ አንስቶ ቢመለስ ለእናትየው ትልቅ ነገር ነው። ከአልጋዋ መነሳት እስክትችል ያንን ፎቶ ነው የምታየው።

ሌላው፣ ያ ሁሉ ሲያልፍ ጠይቁ። በማግስቱ «ትናንት ምን ሆኖ ነበር?» በሉን። የማስረዳት ግዴታ አለብን። ሳትጠይቁ ሄዳችሁ እቤት ውስጥ ስትከራከሩ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

አዲሱ አባት

ባለቤቱ ነኝ፤ ስልኩን ተቀብዬው ነው። ሁሉንም አነበብኩ።

አንድ ያልተናገረው ነገር አለ። እኔ «ልጅቷ ጋ ሂድ» ያልኩት ለልጅቷ ብዬ ብቻ አይደለም። ፊቱን ብታዩት! እንደ አመድ ነጭ ሆኖ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ» ይለኛል። ከሐኪሞቹ ፊት ምንም አላነበብኩም፤ የሞትኩ የመሰለኝ የእሱን ፊት ሳይ ነው። ይሂድልኝ ብዬ ነው።

እጄን ግን አልለቀቀም። እሱን አልካድኩም። ክርክሩም አላለቀም።

የምፈራው

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። አሁን ከመውደቅ በላይ ፊቴ ያስፈራኝ ጀመር!

የማታ ተረኛ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል?

የማታ ተረኛ

መጀመሪያ ባለቤትህን ጠይቅ፤ እሺ ካለች ሆስፒታሉን። ሁለቱም ከፈቀዱ ስልኩን የሆነ ቦታ አስደግፈውና ተወው። «አሁን» ስንልህ እጅህ ባዶ ይሁን።